ያልተፈተለ፣ ያልተሸመነ

በአገራችን ጨርቅ ማለት ድርና ማግ ነው። ድር ያልተዘረጋለት፣ ማግ ያልገባበት ነገር "ጨርቅ ነኝ" ቢል የሚያምነው የለም። የሥራ ዘመኔን ይህን እምነት ለመንቀል ስታገል ፈጀሁት። ያሳመንኋቸው ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ አግዳሚ ይበቃቸዋል፤ ግማሾቹም ዘመዶቼ ናቸው።

ጡረታ የወጣሁት ዕድሜዬ ሳይደርስ ነው። ጣቶቼ ቀደሙኝ። በደጋ ብርድ እጁን ዓመት ከዓመት ውሃ ውስጥ ነክሮ የኖረ ሰው ቁርጥማት ቢይዘው ሊገረም አይገባም። የመረመረኝ ወጣት ሐኪም "ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ጨርቅ እሠራለሁ።"

"ሸማኔ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ልብስ ሰፊ?"

"እሱም አይደለሁም።"

ቀና ብሎ አየኝና "የቀን ሠራተኛ" ብሎ መዘገበኝ። አልተቀየምሁትም። ነገር ግን እሱ ራሱ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ ለብሶት፣ ሲወጣ የሚጥለው ስስ ካባ ብዙ ጊዜ ድርም ማግም የለውም። ጠዋት የሚጠጣው ሻይ የታሰረባት ከረጢትማ የእኛ ሥራ የቅርብ ዘመድ ናት። ሰው ያልተሸመነ ጨርቅ ለብሶና ጠጥቶ ሲያበቃ እንዲህ ያለ ጨርቅ የለም ብሎ ይከራከራል።

የመጀመሪያ ምድቤ አርብ ገበያ ከተማ ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪና ጥገና አሠልጣኝ ሆኜ። የተበላሸ መኪና ስላልነበረን ደህናውን እየፈታን እንገጥም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የተበላሸ መኪና አላጣንም። አለቃዬ ጠዋት ገብቶ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የሚወጣ ሰው ነበር። እንግዳ ሲመጣ "አሁን እዚህ ነበሩ" እያልን ካፖርቱን እናሳያለን። ስለ ደመወዜ ብዙ አላወራም፤ እሱም ስለ እኔ ብዙ የሚያወራው አልነበረውም።

ከዚያ ስማዳ ተላክሁ። በቆላው ክፍል ቃጫ በየማሳው ድንበር ይበቅላል። ሰዉ ቅጠሉን ፍቆ፣ አጥቦ፣ አስጥቶ ገመድ ይገምደዋል። የእኔ ሥራ ገመድ የሚገምዱትን ማደራጀት ነበር። ተደራጅተው ሳያበቁ እኔ ተዛወርሁ። ቢሆንም ቃጫ ከእጄ አልወጣም። ጠንካራ ነው፣ ረጅም ነው፣ ግትር ነው። እንዲህ ያለ ባሕርይ ያለው ሰው ባልወድም፣ ዕቃ ሲሆን እወዳለሁ።

የተዛወርሁት ወደ ኤስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። እዚያም እትዬ ጥሩወርቅን አገኘሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ በወጣትነታቸው ራቅ ያለ አገር በወረቀት ፋብሪካ ማሽን ላይ ሠርተው፣ ማሽኑ ሲያረጅ ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሴት ናቸው። ከከተማው ዳር፣ ወንዝ አጠገብ ባለ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ማኅበር አቋቁመው ነበር። የመጣሁት ልረዳቸው ተመድቤ ነው። የተቀበሉኝ ግን እንደ ተረጂ ነበር።

"እስከዛሬ ምን ስትሠራ ኖርህ?"

"መኪና ስጠግን፣ ገመድ ሳስገምድ።"

"እንግዲያው የምትረሳው ብዙ ነገር የለህም። እጅህን አምጣ።"

እጄን ይዘው ገንዳው ውስጥ ከተቱት። ውሃው በረዶ ነበር።

"ምን ተሰማህ?"

"ብርድ።"

"ሌላስ?"

"የሚያዳልጥ ነገር አለበት።"

"እሱ ነው ሥራው።"

የሚያዳልጠው የተልባ ውሃ ነበር። ነገሩን ላስረዳ። ወረቀትና የእኛ ጨርቅ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ከተበተነ ቀጭን የተክል ጭረት፣ እኛ ዘለላ ከምንለው፣ ይሠራሉ። ልዩነታቸው የዘለላው ርዝመት ነው። የወረቀቱ የደቀቀ ነው፣ የእኛ ግን ጥፍር ያህል ተቆርጦ በአመድ ውሃ የተቀቀለ ቃጫ ነው። ረጅም ዘለላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ብቻውን መሆን አይወድም። ይተቃቀፋል፣ ይቋጠራል፣ ይወሳሰባል። ስለዚህ ውሃው ብዙ መሆን አለበት፤ ለማየት የሚያሳፍር ብዙ። "ውሃ አትሰስት!" ይሉ ነበር እትዬ ጥሩወርቅ። "ዘለላው ጎረቤቱን እስኪረሳ ድረስ ጨምርበት።" ተልባ ተቀቅሎ የሚወጣው ልሃጭ ደግሞ ውሃውን ያከብደዋል፤ ዘለላው ወደ ታች ሳይሮጥ፣ እርስ በርሱም ሳይጣበቅ ተንሳፎ ይቆያል። ፋብሪካው ይህን የሚያደርግበት ኬሚካል ነበረው። ኤስቴ ውስጥ ኬሚካሉ የለም፤ ተልባ ግን ሞልቷል።

ከዚያ ሽቦው የደቀቀ ሰፊ ወንፊት ይጠልቃል፣ ይወጣል። ሲወጣ ወደ ግራ ቀኝ፣ ወደ ፊት ኋላ ይነቀነቃል፤ ካልተነቀነቀ ዘለላው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይተኛና ጨርቁ ባንድ በኩል ጠንካራ፣ በሌላው በኩል ልፍስፍስ ይሆናል። ውሃው ሲወርድ ዘለላውን አስተኝቶት ይሄዳል። ያ እርጥብ ገላ ብርድ ልብስ ላይ ይገለበጣል፣ በመኪና ክሪክ ይጨመቃል፣ ከድንች በወጣ ስታርች ይረጫል፣ በስተመጨረሻ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ይደርቃል። ማግ የሚወረውር የለም። ድር የሚዘረጋ የለም። የሚሸምነው የሚወርደው ውሃ ነው።

የደረቀውን ጨርቅ ሁሉ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ መስኮቱ ወስደው ለብርሃን ይይዙታል። ዘለላው አንድ ቦታ ከተከመረ ጥቁር ሆኖ ይታያል። "ደመና አለበት" ይላሉ። ይህ ከአፋቸው የሚወጣው ትልቁ ወቀሳ ነው። ደመና ከሌለው ምንም አይሉም፤ ምስጋናቸው ዝምታ ነበር። ቀጥሎ ጠርዙን ከጆሯቸው አጠገብ ይቀድዱታል። ጤነኛ ጨርቅ ሲቀደድ ይጮኻል። "ሰማኸው? ከመቀደዱ በፊት ተከራከረ" ይሉኛል። ቁርስ ከመብላታቸው በፊት ከገንዳው በጣታቸው ነክተው ይቀምሳሉ፤ ተልባው መኮምጠጥ ከጀመረ ገና በማለዳው ያውቁታል። አንድ ቃል ብቻ ያስቆጣቸዋል፤ "ወረቀት።" ወረቀት ነው ያላቸውን ሰው ጨርቁን አርጥበው፣ በእጁ አስጨምቀው፣ እንደገና ዘርግተው ሳያሳዩት አይለቁትም። የወረዳው ሹም ሳይቀር ሱፍ ልብሱን እንደለበሰ ጨምቋል።

ከማኅበሩ ሠራተኞች አንዱ ይማም ነው። ይማም የመካነ ኢየሱስ ሸማኔ ነው፤ አባቱም፣ አያቱም ሸማኔዎች ነበሩ። መጀመሪያ የመጣው ሊስቅብን ነበር። ጨርቁን ገለባበጠና "ድሩን አይጥ በልቶታል፣ ማጉን ማን በላው?" አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ወንፊቱን ሰጡት። መወርወሪያ የለመደ እጅ ሆኖ የመነቅነቁን ምት በቶሎ ያዘው። ሳቁ ሳያልቅ ተቀጠረ። ጥቂት ቆይቶም በቤቱ ጎን ባለው ዳስ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሚሸምንበትን ጉድጓድ ደፈነው። ለሸማኔ ይህ ቀልድ አይደለም። ወንድሞቹ "ይማም ሸማውን ትቶ ንፍሮ ያጠልላል" እያሉ ገበያ መሐል ሰደቡት። እሱም ለእኔ "ስሸምን ቢያንስ እግሬ ደረቅ ነበር" እያለ ያማርራል፤ አንድ ቀን ግን አርፍዶ አያውቅም።

አሁን ስለ በዓላት መናገር አለብኝ፤ በእኛ አገር ያለ በዓል የሥራ ታሪክ የለም። ገንዳ ውስጥ ያለ ቃጫ በየዕለቱ መቀስቀስና ውሃው መለወጥ አለበት። ተልባ ሆደ ባሻ ነው፤ ከተዉት ይኮመጥጣል፣ ዘለላውንም ያበሰብሳል። እኛ ክርስቲያኖቹ ደግሞ በመድኃኔዓለም፣ በማርያም፣ በሚካኤል ሥራ አንነካም። ስለዚህ አንድ ስምምነት ነበረን፤ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚኮራበት። በክርስቲያን በዓል ይማም ገንዳውን ይጠብቃል፣ በእስላም በዓል እኛ እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ እንግዳ ይህን ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ያኔም ቢሆን ሁሉም የሚያደንቀውን ነገር እጠረጥር ነበር።

በዚያ ዓመት የችግኝ ጣቢያው ትልቅ ሥራ ሰጠን። ክረምት ሲገባ ወደ ተራራ ለሚወጡት ችግኞች፣ ሥሮቻቸው ከአፈሩ ጋር የሚጠቀለሉበት ጨርቅ ፈለጉ። ጥቁሩ ላስቲክ ሲተከል ተገፎ ይጣላል፤ የእኛ ጨርቅ ግን ከችግኙ ጋር ተቀብሮ አፈር ይሆናል። ኃላፊው ቁርጡን ነገሩን፤ "ከሠራ ላስቲኩን እተዋለሁ። ካላደረሳችሁ ግን ሁለተኛ በሬን አታንኳኩ።" የቆርቆሮውን ዳስ የሰጠን መሥሪያ ቤትም ይህ ሥራ ከቀረ ቦታውን ለሌላ ማኅበር እንደሚሰጥ አስታውቆናል። ለእትዬ ጥሩወርቅ ዳሱ የዕድሜያቸው ውጤት ነው። ለይማም የተደፈነ ጉድጓድ ነው። ከስማዳ የመጣውን ቃጫ በሙሉ ባንድ ላይ ቀቅለን ገንዳዎቹ ውስጥ ከተትነው።

ጊዜው የግንቦት ማብቂያ ነበር። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሃያ ስምንት አማኑኤል፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። በዚያ ዓመት የረመዳን ፍቺም መጥቶ በመድኃኔዓለም ዕለት ዋለ።

ይማም ኢድን አብረነው እንድንውል ጠራን። ሃምሳው ቀን ስላላለቀ ጾም አልነበረብንም፤ ለእኛም ለብቻ በክርስቲያን እጅ በግ አሳርዶልናል። እትዬ ጥሩወርቅ ከላይ ተቀመጡ፣ እኔ አጠገባቸው፣ የማኅበሩ ሰው በሙሉ በግድግዳው ዙሪያ። የይማም ባለቤት ዘይነባ "ብሉ እንጂ! ገንዳ ዳር እንደቆመ ሰው ምን ያስተክዛችኋል?" አለችን። ሳቅን። ይማም "ዛሬ ገንዳ የሚባል ነገር አታንሺብኝ፣ ዛሬ ኢድ ነው" አለ። እኔም በልቤ፣ ዛሬ መድኃኔዓለም ነው፣ አልሁ። ገንዳው አጠገብ መቆም የነበረበት ሰው ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። እኛ ክርስቲያኖቹ በዓላችን ስለሆነ በይማም ተማምነናል፤ ይማም በዓሉ ስለሆነ በእኛ ተማምኗል። እርስ በርሳችን እየተያየን፣ እየተጎራረስን፣ ማንም ማንንም አልጠየቀም። በማግስቱ ይማም ዘመድ ሊጠይቅ አርብ ገበያ ሄደ። እኛ አማኑኤልንና በዓለ ወልድን አከበርን።

በሠላሳ ጠዋት ሽታው ከመንገዱ ተቀበለን።

እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ወንፊት አወጡ፣ ጨመቁ፣ አደረቁ። በመስኮቱ አዩት፤ ሙሉው ደመና ነበር። ጠርዙን ከጆሯቸው አጠገብ ያዙና ቀደዱት። ድምፅ የለውም። እንደ እርጥብ እንጀራ ተለያየ። ሌላ ገንዳ ሞከሩ። ሌላም።

"እትዬ..." አለ ይማም።

"ማን ነበር ተረኛው?" አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በመገረም።

እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። እሳቸው ሁለታችንንም አዩና ቁጭ አሉ። "እኔም አብሬ ስጎርስ ነበር" አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጥፋተኛ አላነሳም። የመከባበራችን ብዛት ገንዳውን እንደገደለው ግን ሁላችንም ገባን። መናናቅ ብናውቅ ኖሮ ቢያንስ አንዳችን ሄደን እናይ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በይማም ቤት በኩል አለፍሁ። በቤቱ ጎን ባለው ዳስ ውስጥ አካፋ ይዞ የደፈነውን ጉድጓድ እንደገና ይቆፍራል። እስከ ጉልበቱ ደርሷል።

"ምን ታደርጋለህ?"

"እግሬን ላደርቅ ነው" አለ። ቀና አላለም።

ሰኞ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ስማዳ ሰው ልከው የተገኘውን ያህል ቃጫ አስመጡ። ተፋቀ፣ ተቆረጠ፣ ተቀቀለ። ጨርቁን ሠርተን ለማድረስ የቀረን ጊዜ ግን ጠባብ ነበር፤ በመካከሉ ደግሞ የሰኔ ሚካኤል ተጋድሟል። ያን ቀን ካልሠራን ግማሹም አይደርስም። ጨርቃችንን ለማር ማጣሪያ ከሚገዙን ደንበኞች አንዱ ቄስ አዱኛ ናቸው፤ ንብ ያነባሉ። ጨርቅ ሊወስዱ ሲመጡ አጋጣሚውን ያዝሁት። ሌሊቱን ሳስበው ያደርሁት መከራከሪያ ነበረኝ።

"አባ፣ በበዓል የተከለከለው መፍተልና መሸመን አይደለም?"

"ነው ልጄ።"

"የእኛ ጨርቅ አይፈተልም፣ አይሸመንም።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አሉና ማሰብ ጀመሩ።

"አንተ አያሌው!" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከመስኮቱ። "ይህን ሁሉ ዘመን ይህ ጨርቅ አይደለም ካለህ ሰው ሁሉ ጋር ስትጣላ ኖረህ፣ ሚካኤል ሲመጣብህ ጊዜ ልክ ናችሁ ልትላቸው ነው? ሰኞ ሥራ ከሆነ በሚካኤልም ሥራ ነው። በሚካኤል ሥራ ካልሆነ ሰኞም ለምን እንመጣለን?"

"ዳሱ ይሄዳል እኮ እትዬ።"

"ይሂድ። ሥራዬ ሥራ አይደለም ብዬ አላስቀረውም።"

 ይማም ወንፊቱን አነሳ። "የእኔ በዓል አልፏል። እኔና ዘይነባ እንሠራለን።"

"ሁለት ሰው?" አልሁት። "ውሃውን ማን ያመላልሳል?" ክረምቱ ገና ስላልገባ ወንዙ ወርዶ፣ ቱቦው ደርቆ፣ ውሃ በጄሪካን ሽቅብ ነበር የሚመጣው። የእኛ ሥራ ደግሞ ውሃ ነው።

ቄስ አዱኛ ከሐሳባቸው ነቁ። "ቆይ እስቲ። ውሃ መቅዳት መቼ ተከለከለ? በሚካኤል ሰው አይጠጣም? ጠበሉንስ ማን ይቀዳዋል?"

እትዬ ጥሩወርቅ ዞር አሉ። "ይቅርታ አባ፣ ምን አሉ?"

"ውሃ ቅዱ ነው ያልሁት። ውሃው የት እንደሚገባ አልጠየቅሁም።"

በሰኔ ሚካኤል ቅዳሴ እንዳለቀ ሰዉ ነጠላውን እንደለበሰ ወደ ወንዙ ወረደ። ወሬው እንዴት እንደተዳረሰ እንጃ፤ ወረቀት ይለን የነበረው ሁሉ ጄሪካን ይዟል። በጥሩ ሸማኔ የተሸመነ ነጭ ሸማ ለብሰው ላልተሸመነው ጨርቅ ውሃ አመላለሱ። የይማም ወንድሞችም በር ላይ ቆመው ጥቂት ካሾፉ በኋላ ክሪኩን ያዙ። ይማም ወንፊቱን ሳያሳርፍ "ፍጠኑ እንጂ! ገንዳው ጾሙን ዋለ!" ይላል። ከታች "ቀስ በል አንተ! ለንግሥ መጣን እንጂ ለቀን ሥራ አልመጣንም!" ይመልሱለታል። ቄስ አዱኛ ራሳቸው ትንሿን ጄሪካን ይዘው ሁለቴ ወጡ፤ በሦስተኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሌላውን አበረታቱ።

እትዬ ጥሩወርቅ ወንፊት አልነኩም። ውሃ ሲቀዱ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ግን አላስችል አላቸውና "አባ፣ ማየትስ ይከለከላል?" አሉ።

"ማየት ምን ኃጢአት አለበት?"

መስኮቱ ጋ ሄደው አንዱን ጨርቅ ለብርሃን ያዙት። "ደመና አለበት" አሉ።

"እትዬ፣" አለ ይማም፣ "ሰኔ ሚካኤል ነው። ደመና ያለው ውጭ ነው።"

ሳቁ። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት የመጨረሻው ገንዳ ተጠናቀቀ።

ያደረስነው ከታዘዝነው ግማሹን ነው። ኃላፊው አኮረፈ፤ የቀረውን በላስቲክ ጠቀለለ። ከተተከሉት ከፊሉ ጸደቀ፣ ከፊሉን ፍየል በላው፤ ፍየል በጨርቅና በላስቲክ መካከል አታዳላም። በበጋው ግን ሰውየው አዲስ ትእዛዝ ይዞ መጥቶ በራችንን አንኳኳ። በሩ ሁልጊዜ ክፍት መሆኑን ነግረነው ሁለተኛ ላለማንኳኳት ማለ፤ ዳሱም በእጃችን ቀረ። ስምምነታችንንም አሻሻልነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓል ሲደራረብ ማን ይሄዳል ብለን አንተማመንም፣ እንጨቃጨቃለን። ገንዳው ሁለተኛ አልሞተም።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ይማም ቤት ሄድሁ። ድሮ የሚሸምንበት ዳስ ከፈረሰ ቆይቷል። በቦታው ዋንዛ ቆሟል፤ የቤቱን ጣሪያ አልፎታል። ከሰኔ ሚካኤል ማግስት አንድ ችግኝ በእኛ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እስከ ጉልበቱ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እንደተከለው አውቅ ነበር። እንዲህ ያህል ማደጉን ግን ልብ አላልሁም። ጨርቁማ ከጠፋ ቆይቷል። ሐኪሙ የሠራሁትን አሳየኝ ቢለኝ የማሳየው የለኝም፤ የእኛ ጨርቅ በደንብ የተሠራ እንደሆነ አይገኝም።

"እንዲያው ለመሆኑ፣" አልሁት ከጥላው ሥር ተቀምጠን፣ "ሽመናው አይናፍቅህም?"

ይማም ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ይናፍቀኛል እንጂ። ግን ወደ ጉድጓዴ ልመለስ ብል መጀመሪያ ይህን መቁረጥ አለብኝ" አለ። ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየና፣ "ዘይነባ! ሻይ አምጪልን፣ እዚሁ ነን" ብሎ ተጣራ።